ትንሽ የሸራ ጀልባ ለጀማሪና ለቤተሰብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ እንግሊዝ አገር የሸራ ጀልባ ሲነሣ ብዙዎቻችን የሚታየን ወደብ ላይ የታሰረው ነጭና ውድ ጀልባ ነው። በቤት መኪና ተጎትቶ ሐይቅ ዳር የሚወርደው ትንሹ ዓይነት ግን ዋጋው ከአሮጌ መኪና ያነሰ፣ ጥገናው በእጅ የሚሠራ፣ እናት አባትና ልጆች አብረው የሚሳፈሩበት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላም፣ ቡና ላይም፣ በስልክም የሚጠይቁኝ ሰዎች እየበዙ ስለመጡ መልሱን አንድ ቦታ ሰብስቤዋለሁ። መልሶቹ ሁሉ የሚነሡት ከአንድ እምነት ነው፤ ለጀማሪ ቤተሰብ ጥሩ ጀልባ ማለት ቤተሰቡ የሌላ ሰው ጉልበት ሳይለምን ከተሳቢ አውርዶ፣ ሸራውን ሰቅሎ፣ ቢገለበጥም ራሱ አቅንቶ ወደ ዳር የሚመልሰው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዲንጊ የሚባለው የትኛው ጀልባ ነው?

ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ሜትር የሆነ፣ ከላይ ክፍት፣ ቀላል የሸራ ጀልባ ነው። ትልልቆቹ የሸራ ጀልባዎች ከሥራቸው ከባድ ብረት ስለተሸከሙ ነፋስ ቢያጋድላቸውም ተመልሰው ይቆማሉ። ዲንጊ ይህ ብረት የለውም። ሚዛኑን የሚጠብቁት ተሳፋሪዎቹ ናቸው፤ ነፋስ በሚመጣበት ጎን ጠርዙ ላይ ይቀመጣሉ፣ ነፋሱ ሲበረታም ወደ ውጭ ዘንበል ይላሉ። ከመሃሉ ወደ ውሃ የሚወርድ ሰንተርቦርድ የሚባል ሳንቃ አለው። ይህ ሳንቃ ጀልባው በነፋስ ተገፍቶ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፤ ግራና ቀኝ እየታጠፉ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ መሄድ የሚቻለውም በእሱ ነው። ዳር ሲቀርብ ሳንቃው ወደ ላይ ይነሣል። ስለዚህ ጀልባው ከጉልበት በታች በሆነ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ተሳቢ ላይም ሲጫን ሆዱ ተደላድሎ ይተኛል።

መዋኘት አልችልም። ይህ ነገር ለእኔ ይሆናል?

ከወገኖቻችን በብዛት የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው፤ አያሳፍርም። ብዙዎቻችን ያደግነው ከባሕርም ከመዋኛ ገንዳም ርቀን ነው። ጀልባ መንዳት ለመማር ዋና የግድ አይደለም፤ አስቀድማችሁ ከነገራችኋቸው ብዙ ትምህርት ቤቶች ይቀበሏችኋል፣ የማዳኛ ጀልባም አጠገባችሁ ይሆናል። የራሳችሁን ጀልባ ገዝታችሁ፣ ልጅ ይዛችሁ ብቻችሁን ከመውጣታችሁ በፊት ግን ዋና ተማሩ። በዚህ ጉዳይ የማለዝበው ነገር የለኝም። በየሰፈሩ ባሉት የሕዝብ ገንዳዎች ለአዋቂ ጀማሪዎች ትምህርት ይሰጣል፤ ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓት ያላቸውም አሉ።

የምትለብሱት ነገር ደግሞ ዓይነት አለው። አብዛኛው የዲንጊ ሰው የሚለብሰው 50 ኒውተን (ኒውተን የማንሳፈፍ ኃይሉ መለኪያ ነው) የሚል የተጻፈበትን ተንሳፋፊ ሰደርያ ነው። ለእንቅስቃሴ ምቹ ነው፤ የተሠራው ግን መዋኘት ለሚችልና ራሱን ለሚያውቅ ሰው ነው፣ ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ሰማይ አይመልስም። ለትንንሽ ልጆችና ዋና ለማይችል ሰው 100 ኒውተንና ከዚያ በላይ የሆነ፣ አንገት ላይ ከፍ ያለ ላይፍ ጃኬት ይሻላል። ልጅ ላይ ሲሆን በእግሮች መካከል የሚያልፈው ማሰሪያ የግድ ነው፤ ያለ እሱ ልጁ ውሃ ሲገባ ጃኬቱ ተንሸራቶ በጭንቅላቱ ይወጣል። ካለበሳችሁት በኋላ በትከሻው በኩል ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ጆሮው ድረስ ከመጣ ሰፊ ነው ማለት ነው። እያደገ ይሞላዋል ብሎ ትልቅ መግዛት ለጫማ ይሁን እንጂ ለዚህ አይሠራም።

ከመስጠም በፊት የሚመጣው ጠላት ብርድ ነው። በብሪታኒያ ዙሪያ ያለው ባሕር በአማካይ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ ውሃ ውስጥ በድንገት የወደቀ ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ልቡ በኃይል ይመታል። ጎበዝ ዋናተኛም ከዚህ አያመልጥም። አር ኤን ኤል አይ የተባለው የባሕር ነፍስ አድን ድርጅት የሚያስተምረው፣ በዚያች ደቂቃ ለመዋኘት አትታገሉ፣ ጭንቅላታችሁን ወደ ኋላ አድርጋችሁ በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ ትንፋሹ ሲመለስ ሌላውን ታደርጋላችሁ ነው። ይህን ከጀልባው በፊት ገንዳ ውስጥ ከልጆቻችሁ ጋር ተለማመዱት። የውሃ ልብስ የሚባለውን ወፍራም ጎማ መሰል ልብስም በበጋ ጭምር ልበሱ፤ ያገለገለ በርካሽ ይገኛል።

መንጃ ፈቃድ ወይም ኮርስ ያስፈልጋል?

ብሪታኒያ ውስጥ ባሕር ላይ ዲንጊ ለመንዳት በሕግ የሚጠየቅ ፈቃድ የለም። ኮርሱን ግን ውሰዱ። ሮያል ያችቲንግ አሶሲዬሽን የሚያወጣው የጀማሪዎች ትምህርት ደረጃ 1 እና ደረጃ 2 ሲሆን እያንዳንዱ ብዙ ጊዜ ሁለት ቀን ይወስዳል። ከደረጃ 2 በኋላ ለስላሳ ነፋስ ላይ ራሳችሁን ችላችሁ ትወጣላችሁ። ለንደን ያላችሁ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም፤ በምሥራቅ በኩል ሚልዎል ዶክ፣ በሰሜን ምዕራብ ደግሞ ዌምብሌ አካባቢ ዌልሽ ሃርፕ የሚባለው የብሬንት የውሃ ማጠራቀሚያ የሸራ ጀልባ የሚንሸራሸርባቸው ናቸው። ወንዝና ቦይ ላይ ሲሆን ሁኔታው ይለያል። ለምሳሌ ከቴዲንግተን በላይ ባለው የቴምዝ ክፍል ጀልባው ራሱ ክፍያ የተከፈለበት ምዝገባ ይፈልጋል። የውሃ ማጠራቀሚያዎችም ብዙዎቹ ለክለብ አባላት ብቻ ናቸው።

የትኛውን ጀልባ ልግዛ?

ለቤተሰብ ሁለት ስሞችን አስቀድማለሁ፤ ዌይፋረር እና ሚረር።

ዌይፋረርን ኢያን ፕሮክተር የነደፈው በ1957 ነው። ርዝመቱ 4.82 ሜትር፣ ወርዱ 1.85 ሜትር፣ ባዶ አካሉ 169 ኪሎ ነው። ሁለት አዋቂና ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ከነምሳቸው ይይዛል። ሰፊ ስለሆነ ልጅ ቢነሣና ቢቀመጥ አይደነግጥም፤ ነፋስ ሲበረታ ሸራው ከታች እየተጠቀለለ ያጥራል። የማስተማሪያ ክለቦች ለአሥርት ዓመታት የሙጥኝ ያሉት ስለዚህ ነው። ፍራንክ ዳይ የሚባል እንግሊዛዊ በ1963 በዚህ ክፍት ጀልባ ከስኮትላንድ ተነሥቶ አይስላንድ ገብቷል፤ በተከታዩ ዓመት ወደ ኖርዌይ ሲሄድ በማዕበል ተገልብጦም እየቃና ደርሷል። ይህን የጠቀስኩት ማንም እንዲከተለው አይደለም፤ እንጨቱ የሚችለውን እንድታውቁ ነው። የዌይፋረር ችግሩ መሬት ላይ ነው። ሸራው፣ ምሰሶውና ዕቃው ሲጨመርበት ከ200 ኪሎ ይሻገራል፤ ዳገት ባለበት መውረጃ ላይ ሁለት አዋቂዎች እርጥብ ጫማ አድርገው ሲጎትቱት ያስለፋል። ከልጆች ጋር ብቻችሁን የምትወጡ እናት ወይም አባት ከሆናችሁ፣ ጀልባው ውሃ ላይ ቢመቻችሁም ዳር ላይ ያሸንፋችኋል።

ሚረር የዚህ ተቃራኒ ነው። ጃክ ሆልት የተባለው የጀልባ ነዳፊና ባሪ ባክኔል የተባለው የቴሌቪዥን የቤት ጥገና አስተማሪ አብረው የሠሩት ሲሆን፣ በ1963 ዴይሊ ሚረር በተባለው ጋዜጣ ድጋፍ ለሕዝብ ቀረበ። ስሙም ቀይ ሸራውም ከዚያው ነው የመጣው። የተቆረጠ ኮምፔርሳቶ በካርቶን ተጭኖ ቤት ይመጣ ነበር፤ ባለቤቱ ቁርጥራጩን በመዳብ ሽቦ ይሰፋዋል፣ መጋጠሚያውን በፋይበርግላስ ጨርቅና በሙጫ ይደፍነዋል። የያኔው ዋጋ 63 ፓውንድ ከ11 ሺሊንግ ነበር። ደመወዝተኛ ሰው ጋራዡ ውስጥ ጀልባ ሠርቶ ልጆቹን ይዞ ባሕር የወጣበት ዘመን በዚህ ተከፈተ፤ እስከ ዛሬ ከ70,000 በላይ ተሠርቷል። ርዝመቱ 3.30 ሜትር፣ ክብደቱ 45 ኪሎ ተኩል ነው። አንድ አዋቂና ሁለት ትንንሽ ልጆች፣ ወይም ሁለት ታዳጊዎች ይይዛል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደስተኝ ምሰሶው ነው። አንድ ረጅም ግንድ ከመሆን ይልቅ ሁለት አጭር ግንዶች ሆኖ አንዱ በሌላው ላይ በገመድ ስለሚሳብ፣ ሲፈታ ሁሉም ጀልባው ውስጥ ይገባል። በመኪና ጣሪያ ፖርቶ መጋላ ላይ ገልብጠው የሚጭኑት አሉ፤ ለዚያ ግን ሁለት ጠንካራ ሰው ያስፈልጋል።

ሌሎቹን ባጭሩ። ኦፕቲሚስት ክላርክ ሚልስ በ1947 ፍሎሪዳ ውስጥ ለልጆች የነደፈው፣ 2.30 ሜትር የሆነ፣ ሣጥን የመሰለ ጀልባ ነው፤ አዋቂ አይገባበትም፣ ከ7 ወይም ከ8 ዓመት እስከ 15 ድረስ ላለ ልጅ ግን ግሩም ነው። ቶፐር 3.40 ሜትርና 43 ኪሎ የሆነ ጠንካራ የፕላስቲክ ጀልባ ሲሆን ለአንድ ታዳጊ ይሆናል፤ ድንጋይ ቢነካው ብዙም አይከፋውም። አር ኤስ ፌቫ ለሁለት ታዳጊዎች ጥሩ ነው፣ አንድ ወላጅ ከአንድ ልጅ ጋርም ይሄዳል፣ ቤተሰብ ግን አይይዝም።

ሌዘርን በተመለከተ፣ አሁን ኢልካ እየተባለ የሚጠራው ማለት ነው፣ አትግዙ። በየማስታወቂያው ላይ በርካሽ ስለሚገኝና ከ1996 ጀምሮ ኦሊምፒክ ላይ ስለሚታይ ሰው ይማረክበታል። የአንድ ሰው ጀልባ ነው፤ ፈጣን፣ እርጥብና ለመገልበጥ የቸኮለ። አባት እሱ ላይ ሲጫወት ሚስትና ልጆች ዳር ቆመው ይበርዳቸዋል፤ ከዚያ በኋላ እንሂድ ቢባሉ እሺ አይሉም።

የቤት መኪናዬ ይጎትተዋል?

አዎ። ዌይፋረር ከነተሳቢውና ከነዕቃው ከ300 ኪሎ ትንሽ ከፍ ቢል ነው፤ ሚረር 200 ኪሎ አይሞላም። ፍሬን የሌለው ተሳቢ በሕግ የሚፈቀድለት ከ750 ኪሎ ወይም ከመኪናው ክብደት ግማሽ፣ ከሁለቱ የሚያንሰው ነው። መኪናችሁ መጎተት እንዲችል ተደርጎ መሠራቱን በመመሪያው መጽሐፍ ላይ እዩ፤ አንዳንድ ድቅልና የኤሌክትሪክ መኪኖች ጭራሽ አይፈቀድላቸውም።

ቀድሞ ከ1997 ወዲህ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ከባድ ተሳቢ ለመጎተት ተጨማሪ ፈተና ይፈተን ነበር። ከዲሴምበር 16 ቀን 2021 ጀምሮ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ይህ ቀርቷል፤ ለዲንጊ ደግሞ ከበፊትም አይመለከተውም። ፍጥነታችሁ ግን ይቀንሳል። በሞተርዌይ በሰዓት 60 ማይል፣ በተራ ባለ ሁለት አቅጣጫ መንገድ 50 ማይል ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ መስመር ባለው ሞተርዌይ ላይ የቀኙን ጥግ መስመር መያዝ ክልክል ነው። ተሳቢው የመኪናውን ታርጋ፣ የፍሬን መብራትና ፍሬቻ ከኋላው ይይዛል። ምሰሶው ከጀልባው ኋላ ከ1 ሜትር በላይ ከወጣ ጫፉ ላይ ደማቅ ጨርቅ እሰሩ።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የተሳቢውን ጎማ እዩ። የጀልባ ተሳቢ በዓመት ጥቂት ጉዞ ስለሚሄድ ጎማው ሳይበላ በዕድሜ ይሞታል፤ ጥርሱ አዲስ መስሎ ጎኑ ተሰነጣጥቆ ታገኙታላችሁ። ስኮርታ ጎማ ያዙ፣ የመኪናችሁ የጎማ መፍቻ ለተሳቢው ብሎን ልክ መሆኑንም ቤት ውስጥ ሞክሩ። ማሰሪያውን አጥብቃችሁ ከሄዳችሁ በኋላ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቁሙና እንደገና አጥብቁት፤ ጀልባው ሲንቀሳቀስ ተደላድሎ ስለሚቀመጥ ማሰሪያው ይላላል። ወደ ኋላ መንዳት የሚለመደው ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ ነው። መሪውን በጥቂቱ አዙሩ፣ ስፖኪዮ ላይ የተሳቢውን ጎማ እዩ፣ ሲጠመዘዝባችሁ ከመታገል ወደ ፊት ሄዳችሁ አቅኑት።

ውሃ ውስጥ እንዴት ነው የሚወርደው? መኪናውም ይገባል?

መኪናውም የመንገዱ ተሳቢም ውሃ አይንካቸው። ሩቅ መንገድ የመጣ ተሳቢ ኩሽኔታው ግሏል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይኮማተርና ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል፣ የባሕር ውሃ ከሆነ ደግሞ ጨው ይዞ። ከዚያ ግራሶው ይበላሻል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል፣ አንድ ቀን ሞተርዌይ ላይ ጎማው ይወልቃል። እዚህ አገር የተለመደው መፍትሔ ተደራራቢ ተሳቢ ነው። ጀልባው ቀላል የእጅ ጋሪ ላይ ይቀመጣል፣ ጋሪው ደግሞ የመንገዱ ተሳቢ ላይ ይጫናል። ስትደርሱ ጋሪውን ብቻ ከነጀልባው ስባችሁ ወደ ውሃ ትገፋላችሁ። ያገለገለ ጀልባ ስትገዙ እነዚህ ሁለቱ አብረው መኖራቸውን ጠይቁ፤ ለብቻ ሲገዙ ውድ ናቸው።

ምሰሶውን ከማቆማችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ሰማይ እዩ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ እዚያ አታቁሙ፤ የአሉሚኒየም ምሰሶ ሽቦ ነክቶ ሰው ሞቶበታል። ሌላው፣ ከጀልባው ኋላ ያሉት የውሃ መውጫ ክዳኖች መዘጋታቸውን አንድ ሰው በእጁ እየነካ ያረጋግጥ። ይህን ሥራ ለአንድ ልጅ ስጡትና የእሱ ኃላፊነት ይሁን፤ ልጆች ከእኛ ይልቅ አይረሱም።

ያገለገለ ጀልባ ስገዛ ምን ልመልከት?

ቀለሙን ተዉት። ጀልባውን ተንሳፋፊ የሚያደርጉት የተዘጉ የአየር ክፍሎች ናቸው፤ ክዳናቸውን ክፈቱና አሽትቱ። የሻገተ ሽታ ካለ ውሃ ሲቀመጥበት ኖሯል። እንጨት ከሆነ ሰንተርቦርዱ የሚያልፍበት ሣጥን ሥር፣ ምሰሶው የሚቆምበት ቦታና የኋላው ማዕዘኖች ላይ በአውራ ጣት ጫን በሉ፤ ጤነኛ ኮምፔርሳቶ አይሰምጥም። የጠቆረ እንጨት በቀለም ሥር ከታየ መበስበስ ጀምሯል፤ ትንሽ ከሆነ ይጠገናል፣ በወለሉ ሁሉ ከሆነ ግን ትታችሁ ሂዱ። ፋይበርግላስ ከሆነ ላዩን በእግራችሁ ቀስ ብላችሁ ርገጡት፤ እንደ ስፖንጅ የሚሰምጥ ቦታ ውስጡ ተላቋል።

ምሰሶውን የሚይዙትን የብረት ገመዶች ከጫፋቸው ላይ መርምሩ። አንዲት ክር ብቻ ተበጥሳ ብትወጣ ገመዱ በሙሉ ይቀየራል፤ ዋጋው ከባድ አይደለም፣ ሳይቀየር ግን መውጣት የለም። ሸራው ሲጨበጥ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ገና ብዙ ዕድሜ ይቀረዋል፤ እንደ አሮጌ አንሶላ ከለሰለሰ ለመማሪያ ይሆናል፣ ነፋስን ቆርጦ ለመውጣት ግን ይደክማል። በመጨረሻ የተሳቢውን ጎማ ከመሬት አንሥታችሁ በእጃችሁ አሽከርክሩት። የሚያጓራ ድምፅ ከሰማችሁ ኩሽኔታው አልቋል፤ ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት ይቀየር።

ሻጩ ይሰቀልና እንየው ስትሉት ሰበብ ካበዛ ዕቃ ጎድሎታል ማለት ነው። ሁሉም ገመድ ተሰቅሎ፣ ሸራው ወጥቶ እዩት፤ በዚያውም አሰቃቀሉን በስልካችሁ ቅረጹት።

በጠቅላላ ስንት ያስወጣል?

አሮጌ ሚረር ከነተሳቢው በጥቂት መቶ ፓውንድ ይገኛል፤ ለሚነሣላቸው ሰው በነፃ የሚሰጡም አሉ። ያገለገለ ዌይፋረር እንደ ዕድሜው ከመቶዎች እስከ ጥቂት ሺዎች ይደርሳል፣ አዲሱ ግን ከአሥር ሺህ ፓውንድ በላይ ነው፤ ጀማሪ አዲስ መግዛት አያስፈልገውም። ከጀልባው በላይ በየዓመቱ የሚያስቡት የክለብ አባልነትና የጀልባ ማቆሚያ ክፍያ ነው። ክለቦች በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኢንሹራንስ ይጠይቃሉ፤ ለዲንጊ ርካሽ ነው። ለአምስት ሰው የውሃ ልብስና ጃኬት ግን ከአሮጌ ሚረር ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፣ ስለዚህ ገንዘቡን ከመጀመሪያው ለዚያ አስቀምጡ።

አቅሙ ከሌለ ክለብ ገብቶ የክለቡን ጀልባ መከራየት ይሻላል። ሁለት ቤተሰብ ሆኖ አንድ ዌይፋረር መግዛትም መልካም ነው፤ እኛ ዕቁብ የምንጥል ሰዎች ለዚህ እንግዳ አይደለንም። ማን በየትኛው ሳምንት እንደሚወጣና የተሰበረውን ማን እንደሚያሠራ ብቻ አስቀድማችሁ ጻፉት።

ነፋሱ ምን ያህል ሲሆን ነው መውጣት የሌለብኝ?

ለጀማሪ ጥሩው በቦፎርት መለኪያ 2 እና 3 ነው፤ በሰዓት ከ7 እስከ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቅጠል ይንቀሳቀሳል፣ ትንሽ ባንዲራ ይዘረጋል። 4 ሲደርስ ውሃው ላይ ነጫጭ አረፋዎች ይበዛሉ፤ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ያን ቀን ዳር ሆናችሁ ምሳችሁን ብሉ። ከኃይሉ ይልቅ አቅጣጫው ብዙ ሰው ያታልላል። ከየብስ ወደ ውሃ የሚነፍስ ነፋስ ዳር ላይ ለስላሳ ይመስላል፣ ውሃውም የተኛ ነው፤ ራቅ ስትሉ ግን ይበረታል፣ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ በሙሉ ነፋስን ፊት ለፊት መግጠም ይሆናል። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ ቀን ጀማሪ አይወጣም። የባሕሩን መሙያና መጉደያ ሰዓትም ከትንበያው ጋር አብራችሁ እዩ፤ ሐይቅና የውሃ ማጠራቀሚያ ላይ ይህ ስጋት ስለሌለ የመጀመሪያውን ዓመት እዚያ አሳልፉ።

ቢገለበጥስ?

ይገለበጣል። ልጆቹን የሚያስፈራቸው እኛ ስንፈራ ሲያዩ ነው። ስለዚህ ሞቃት በሆነ ቀን፣ ክለብ ውስጥ፣ የማዳኛ ጀልባ ባለበት፣ ሆን ብላችሁ ገልብጡትና አቅኑት። ውሃው ከምሰሶው ርዝመት በላይ ጥልቅ ይሁን፤ አለዚያ የምሰሶው ጫፍ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ይቀራል።

አደራረጉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ስም እየጠራችሁ ሁሉም ድምፁን ያሰማ፤ አንድ ሰው ሸራ ሥር ከሆነ እጁን ወደ ላይ አድርጎ ሸራውን አንሥቶ አየር ያገኛል። የሸራውን መሳቢያ ገመዶች ልቀቁ፣ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙሩ። ከባዱ ሰው በጀልባው ኋላ በኩል ዞሮ ሰንተርቦርዱ ላይ ይወጣና ጠርዙን ይዞ ወደ ኋላ ይጋደማል። ቀላሉ ሰው ወይም ልጁ በውስጠኛው በኩል ጠርዙን ይዞ ተንሳፎ ይጠብቃል፤ ጀልባው ሲቃና አብሮ ተዝቆ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በባልዲ ውሃውን ማውጣት ነው፤ ባልዲው በገመድ ታስሮ ካልነበረ ግን እሱም ተንሳፎ ሄዷል። በጀማሪዎች ጀልባ ምሰሶ ጫፍ ላይ የምትታሰር የአየር ኳስ አለች። ጀልባው ሙሉ በሙሉ ተገልብጦ ምሰሶው ወደ ታች እንዳይዞር ታግዳለች፤ የቤተሰብ ጀልባ ላይ እንድትኖር እመክራለሁ።

ማቅናት ካልቻላችሁ ከጀልባው አትራቁ። ዳሩ ቅርብ መስሎ ይታያል፣ አይደለም። ከሩቅ የሚታየውም የጀልባው አካል እንጂ የሰው ጭንቅላት አይደለም።

ሞተር ያስፈልገዋል?

አያስፈልገውም። ሁለት መቅዘፊያ በቂ ነው።

አሜሪካ ወይም እስራኤል ነው የምኖረው። ይህ ሁሉ ይሠራል?

የሕጉ ዝርዝር ይለያል፣ ጀልባው ግን ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ የዌይፋረርን ቦታ የያዘው ፍላይንግ ስኮት ነው፤ ሳንዲ ዳግላስ በ1957 የነደፈው፣ ርዝመቱ 5.80 ሜትር ገደማ፣ ከባድና የተረጋጋ የቤተሰብ ጀልባ። ለዋሺንግተን ወገኖቻችን ከሬገን ኤርፖርት በስተደቡብ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ያለው የዋሺንግተን ሴይሊንግ ማሪና ቅርብ ነው። ቦስተን ላይ ኮሚዩኒቲ ቦቲንግ የተባለው የቆየ ድርጅት ቻርልስ ወንዝ ላይ ልጆችና አዋቂዎችን ያስተምራል፤ ሲያትል ያላችሁ ደግሞ ሌክ ዩኒየን ላይ ያለውን የእንጨት ጀልባዎች ማዕከል ጎብኙ፣ ልጆች በደስታ ይዋጣሉ። በፌዴራሉ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ክፍት ጀልባ ሲሄድ ላይፍ ጃኬት የመልበስ ግዴታ አለበት።

እስራኤል ውስጥ ኪኔሬት፣ የገሊላ ባሕር የምንለው ሐይቅ፣ ያማልላል። በበጋ ጠዋት እንደ መስተዋት የተኛው ውሃ ከሰዓት በኋላ ከሜዲትራኒያን በሚመጣው የምዕራብ ነፋስ በድንገት ይነሣል፤ ሐይቁ ከባሕር ጠለል በታች 200 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ ነፋሱ በገደሉ እየወረደ ይበረታል። ጀማሪ ጠዋት ወጥቶ ከምሳ በፊት መመለስ አለበት።

አገር ቤት ሐይቆቻችን ላይስ?

ጣና ላይ ሰው በደንገል ታንኳ ዕቃና እንጨት ሲያመላልስ ኖሯል፤ ውሃ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ዲንጊ ግን ሰው ውሃ ውስጥ እንደሚወድቅ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ሐይቁ መመረጥ አለበት። ጫሞ አዞ አለበት፣ ጣናና ዝዋይ ጉማሬ አለባቸው፣ የብዙ ሐይቆቻችን ዳርቻም ቢልሃርዝያ ያስይዛል። ሰው የሚዋኝበት ላንጋኖ ከሁሉ የተሻለ ይመስለኛል። አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልጨምር፤ ጣና በሚገኝበት 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ 15 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ እኩል ፍጥነት ያለው ነፋስ እዚያ ሸራውን የሚገፋው በዚያው ልክ አንሶ ነው።

በብርዱ ወራት ጀልባውን ምን ላድርገው?

ክዳኖቹን ሁሉ ክፈቱ፣ ውሃውን አድርቁ፣ የአየር ክፍሎቹ ይተንፍሱ። ሸራውን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ጠቅልላችሁ ቤት አስገቡት፤ አይጥ ሸራ ትወዳለች። ጀልባውን በሸራ ልባስ ሸፍኑት፣ ልባሱ መሃል ላይ ውሃ እንዳያቁር ከሥሩ ቡሙን (የሸራውን ታችኛ ጠርዝ የሚይዘውን አግዳሚ ግንድ) እንደ ጣሪያ ማገር አጋድሙለት፤ ዝናብ ያጠራቀመ ልባስ የጀልባ ጠርዝ ይሰብራል። ነፋስ እንዳያነሣው በሁለት በኩል መሬት ላይ እሰሩት። ተሳቢውን ጎማው እንዳይተኛ በእንጨት ደግፉት፣ ኩሽኔታውን አጥባችሁ አዲስ ግራሶ ሙሉበት። የተሰበረና የላላ ነገር ካለ አሁን ጻፉት፤ ኤፕሪል ሲደርስ ማስታወስ ያቅታል።